የሚስስ ዶሮቲ መስክና የእኔ ቅናት

ሐኪሙ ከእንግዲህ ከሃያ ፓውንድ በላይ እንዳታነሳ ሲለኝ፣ አንድ እስር ድርቆሽ ስንት እንደሚመዝን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። አላወቀም። ስልሳ ነው አልኩት። እንግዲያው ሥራህን ጨርሰሃል አለና ወረቀት ጻፈልኝ። ጡረታ የወጣሁት እንዲህ ነው፤ ኬክም አልተቆረሰልኝም፣ ንግግርም አልተደረገልኝም።

ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ከምን ሥራ እንደወጣሁ ይጠይቁኛል። ታክሲ ወይም ፓርኪንግ የምላቸው ይመስላቸዋል። ከሣር ስላቸው ይስቃሉ። አንዳንዱማ የሰው ግቢ የማስተካክል መስሎት ስልክ ቁጥሬን ይጠይቀኛል። እኔ የግቢ ሣር ነክቼ አላውቅም። ደመወዝ የሚከፍለኝ ሌላ ቢሆንም የእኔ ሥራ ድርቆሽ ነበር፤ የሰው መስክ በእኩል ይዞ፣ አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ፣ ከባለመሬቱ ጋር መካፈል። ስለዚህ ሥራ ስጽፍ ደግሞ አንድ ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዘሪሁን ይባላል። ወደ ሥራው ያስገባሁት እኔ ነኝ። በእሱ የቀናሁትን ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም፤ ይህን የምለው ኩራት ተሰምቶኝ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

የሱሉልታ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ያሉ ላሞች የሚበሉት ድርቆሽ ከእኛ መስክ እየተጫነ የሚሄድ ስለነበር ሣር ለእኛ እንደ ሌላው አገር ጤፍ ነው። በአንድ የመንግሥት ከብት እርባታ ጣቢያ የመኖ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አለቃዬ ከቢሮው የማይወጣ፣ ክምሩን በመስኮት የሚቆጥር ሰው ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተበላሸና በሱዳን በኩል ወጣሁ። ሲያትል ስገባ አርባ አምስት ዓመት አልፎኛል። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ፤ ቀጥሎ ከሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነዳሁ። የመጋዘኑ አለቃ አንድም ቀን ስሜን በትክክል ጠርቶ አያውቅም፤ ዕረፍት ስጠይቀው ግን ከልክሎኝም አያውቅም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እንደጀመሩ ይመስለኛል፣ በሰኔ ወር መጋዘኑ ጓሮ ምሳዬን እየበላሁ የድርቆሽ ሽታ መጣብኝ። ሳንድዊቹን አስቀምጬ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ትራክተራቸውን አቁመው አንድ ጭብጥ ሣር እንደ ገመድ ያጣምማሉ። ጠጋ ብዬ እኔም አንድ ጭብጥ አነሳሁና የአገዳውን አንጓ በጥፍሬ ፋቅሁት። ገና እርጥበት አለው። "ነገ" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ነገ ከሰዓት በኋላ" አሉ። እኚህ ሰው ካርል ናቸው። በማግስቱ ፈረቃዬን ቀይሬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሁዴ፣ በኋላም በጋዬ በሙሉ የእሳቸው ሆነ።

ካርል የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። ከመጋዘኑ ጀርባ በተዘረጋው ሸለቆ ውስጥ የስድስት ሰው መስክ ይዘው ነበር የሚሠሩት። ገና ክረምት ሳለ ከባለመሬቱ ጋር አጥር ለአጥር እየተጓዙ መስኩን በሙሉ ይዞራሉ፤ ውሃ የሚተኛበትን፣ አረም የበዛበትን፣ የላላውን ሽቦ አብረው ያያሉ። ከዚያ የዓመቱን ውል በእጃቸው ይጽፉና ሜዳው ዳር ቆመው ጮክ ብለው ያነባሉ። ቤት ውስጥ አያነቡም። ሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ የማይሆን ነገር ይስማማል ይሉ ነበር። ባለመሬቱ ለአፈሩ የሚበተነውን ኖራና አጥሩን ከቻለ እኩል ነው፤ መሬቱን ብቻ ከሰጠ ሲሶ ይደርሰዋል። ዝናብ ቢያበላሸው ጉዳቱ የሁለቱም ነው። መሬቱ ጭቃ ሳለ ትራክተር አይገባም። የዓመቱ ሥራ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀደው ይጥሉታል፤ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ይጽፋሉ።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ አከፋፈላቸው ነው። ሁሉም ታስሮ ሳያልቅ አንድም እስር ከመስኩ አይወጣም። ሲያልቅ በየመስመሩ እየሄድን አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ እያልን ሁለት ክምር እናቆማለን። የጠዋቱም የከሰዓቱም፣ የዳገቱም የረግረጉም በሁለቱም ውስጥ አለ። ከዚያ ባለመሬቱ ይመጣና የፈለገውን ክምር ይመርጣል። ከፋዩ ካርል፣ መራጩ ባለመሬቱ። እኔ መጀመሪያ ይህን ሳይ እንደ ንቀት ቆጥሬው ነበር። በእኛ አገር ድሮ እኩል አራሽ የባለመሬቱን ድርሻ ከሁሉ አስቀድሞ ደጁ ድረስ ተሸክሞ ያደርሳል፤ አክብሮት ማለት ያ ነው። አሮጊት ሴት ሜዳ መሃል አቁሞ ምረጪ ማለት ምን የሚሉት ነው ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው።

አሮጊቷ ሚስስ ዶሮቲ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ግራጫ ባዝራ ያለቻቸው፣ ከስድስቱ መስክ ምርጡን የያዙ ሴት። ከወንዙ እስከ መንገዱ የተዘረጋ፣ ድንጋይ የሌለው፣ ለሁለት አጨዳ የሚበቃ መስክ ነው። እኔ ያን መስክ የተመኘሁትን ያህል ቤት ተመኝቼ አላውቅም።

ከካርል ጋር አምስት በጋ ከሠራሁ በኋላ ዘሪሁን መጣ። ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ የመጣ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፤ እዚያ ባንክ ቤት ሠርቷል። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን፤ ሥራ የለኝም ሲለኝ አዘንኩለትና ወደ ካርል ወሰድኩት። መጀመሪያ ቀን በጫማው ነው የመጣው፣ በቆዳ ጫማ። ካርል ሳቁበትና የሟች ወንድማቸውን ቦቲ ሰጡት። ለእኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ጓንት እንኳ ሰጥተውኝ አያውቁም። እውነቱን ለመናገር ጠይቄያቸውም አላውቅም፤ ነገር ግን ያን ቀን ይህ ትዝ አላለኝም።

ልጁ ሰው ይወዳል፣ ሰውም ይወደዋል። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም፤ ግን አይፈራም። ሚስስ ዶሮቲን "እማማ" ብሎ ጠራቸው፣ ትርጉሙን ነገራቸው፣ ከዚያ ወዲያ በሚስስ ሲጠራቸው አቤት አይሉም። ካርል የማሰሪያውን ማሽን ክር እንዴት እንደሚያስገባ አሳዩት፤ እኔ እስኪያሳዩኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ ትርሲት ማታ ማታ ስለ እሱ ሳወራ ስትሰማ "ይሄን ልጅ ጠላኸው ወይስ ልትድረው ነው?" ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የካርል ዳሌ እምቢ አለ። ትራክተር ላይ መውጣት አልቻሉም። መስኮቹን ሊለቁ መሆኑን ነገሩን። አምስቱ ትንንሽ ስለነበሩ ለጎረቤት ገበሬዎች ሄዱ። የሚስስ ዶሮቲን ግን ከሁለታችን አንዳችን እንድንይዘው አሰቡ፤ ከእሱ ጋር ማጨጃውንና ማሰሪያውን ይተዋሉ። ምርጫው የእሳቸው ሳይሆን የባለመሬቷ ነው። የመጀመሪያውን አጨዳ አበራ ይሥራ፣ ሁለተኛውን ዘሪሁን፤ ከዚያ እሷ ትወስን አሉ። አበራ እኔ ነኝ። ያ መስክ የእኔ ከሆነ ከመጋዘኑ እወጣለሁ፤ ካልሆነ ግን እስከ ጡረታዬ ፎርክሊፍት ላይ ነኝ። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

አጨድኩ። ሁለት ቀን ፀሐይ ወጣ፣ ገለባበጥኩ፣ በመስመር ሰበሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሬዲዮኑ ለማግስቱ ዝናብ ተናገረ። ሥራው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት ያልቅ ነበር። እኔ ግን በአራት ሰዓት መስኩ ስደርስ የዘሪሁንን ቀይ ቶዮታ የሚስስ ዶሮቲ ግቢ ውስጥ አየሁ። በሩን እየጠገነላቸው ነው፤ አሮጊቷ መዶሻ ይዘው አጠገቡ ቆመው ይስቃሉ። በእኔ አጨዳ ቀን፣ በእኔ ተራ፣ ምርጫውን ሊወስድብኝ መጣ አልኩ። ጤዛው ሳይለቅ ማሰሪያውን አስነሳሁ፤ ያውም ወንዙ ዳር ካለው ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምሬ።

ዘሪሁን የሞተር ድምፅ ሰምቶ መጣ። "ጋሽ አበራ፣ ካርል እኮ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሉት" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንተ አስፋልት ላይ ያደግክ ልጅ ሣር ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። እስሮቹን ማንሳት ጀመረ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የታሰረውን ሁሉ፣ የመስኩን እኩሌታ፣ ወደ ሚስስ ዶሮቲ ጎተራ አስገባሁት። ለባለመሬቷ በቅድሚያ አልኳቸው፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። አጨበጨቡልኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከርሮ፣ ነፋስ ነፍሶ ደህና አድርጎ የደረቀውን የእኔን ድርሻ አሰርኩ። እኔ አክብሮት ነው ብዬ አምኜ ነበር። እጄ ግን ሲያስር እርጥበቱን ያውቅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሣር የነካ እጅ እንዴት አያውቅም?

እርጥብ ታስሮ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጡ ይግላል። ጭስ እስኪወጣው፣ አንዳንዴም ጎተራውን ይዞት እስኪሄድ። በዘጠነኛው ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ዘሪሁን ደወለ። ባዝራዋን ሊያይ ገብቶ ክምሩ ውስጥ ክንዱን ሰድዶ ነበር። "ጋሽ አበራ፣ ካርልን ኮል አድርጌያቸዋለሁ። ቶሎ ይምጡ፣ ክምሩ እጅ ያቃጥላል" አለኝ።

ካርል በምርኩዛቸው ተደግፈው የውሃውን ጎማ ከፍተው ይዘው የጎተራው በር ላይ ቆመዋል። እኔና ዘሪሁን እስሮቹን እየጎተትን እናወጣለን። የመሃሉ እንደ ትምባሆ ቡናማ ሆኗል፤ ስንበትነው እንፋሎት ይለቃል። ጓንቴን አልፎ መዳፌን ለበለበኝ። እሳት አልተነሣም። ጎተራው ተረፈ፤ ድርቆሹ ግን ሻግቶ ከንቱ ሆነ። ባዝራዋ ከዚያው ስትበላ ሰንብታ ስለነበር ማሳል ጀምራለች። ሳሉ ደረቅ ነው፣ ከሆዷ የሚወጣ። እስከ መጨረሻዋ አልለቀቃትም።

ሚስስ ዶሮቲ በርሜል ላይ ተቀመጡና ከእኔ ድርሻ ጥቂት ይሰጣቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘሪሁን አጠገባቸው ቆሞ ትከሻቸውን ይዟል። እሱን ሳይ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። "ቆጠራው እኩል ነው" አልኩ። "ግማሽ ለእርስዎ፣ ግማሽ ለእኔ።"

ካርል ውሃውን ዘጉ። "እኩል ብዬ ጻፍኩ" አሉ። "የትኛው እኩል ብዬ አልጻፍኩም። እንዲያ ብሎ መጻፍ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።" ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለትርሲት ስነግራት "የሴትዮዋን ጎተራ ልታቃጥል ሄደህ ቆጠራ ታወራለህ?" አለችና በማግስቱ ከእኔ ድርሻ ግማሹን እንድጭን አደረገችኝ። ሚስስ ዶሮቲ አመስግነው ተቀበሉ። ልባቸው ግን ወስኗል፤ ሁለተኛው አጨዳ ሳይመጣ መስኩን ለዘሪሁን ሰጡት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው እርጥብ ድርቆሽ ማንም ያስራል፣ ባሌም አስሯል አሉኝ። "እኔ ስጠይቅህ ግን ቆጠርክብኝ።"

በመከር ካርል ወደ ስፖካን ወደ ልጃቸው ሄዱ። ክረምት ላይ ዘሪሁንና ሚስስ ዶሮቲ ለአዲሱ ዘመን ውል ሲነጋገሩ እንደ ካርል ወረቀት ይሁን ተባባሉ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ወረቀቱ ግን ተቀዷል። በቃሌ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዘሪሁን እንድጽፍለት ለመነኝ። በአንድ ሥራ የዋልኩበት ቀን ተቀምጬ ጻፍኩ። እኩሉን፣ ኖራውን፣ አጥሩን፣ ዝናቡን፣ ካርል ያልጻፉትን የባለመሬቷን ምርጫ እንኳ ሳላስቀር አሰፈርኩ። በካርል ወረቀት ግርጌ ሁልጊዜ የምትገኝ አንዲት መስመር ነበረች፤ መሬቱ ቢሸጥ የቆመው ሣር እስኪታጨድ የአጫጁ ነው የምትል። እዚያ ስደርስ ብዕሬን ከወረቀቱ አነሣሁ። ሸለቆው በየዓመቱ መጋዘን እየሆነ ነበር፤ ያቺ መስመር የአጫጁ መጠለያ እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምን መጠለያ ልሥራለት አልኩ። አልጻፍኳትም። ሜዳው ዳር ቆመን ሳነብላቸው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ሁለት በጋ ዘሪሁን ሥር ሠራሁ፤ ውሉም ሳይቀደድ በየዓመቱ በዚያው በእኔ ወረቀት ይታደስ ነበር። እሱ "ሥር" አይልም፣ "አብረን" ይላል። ሣሩን ስጨብጥለትና "ነገ" ስለው ሰዓቱን ሳያይ ያምነኛል። መጋዘኑ ውስጥ አግኝቶት የነበረውን ሥራ ትቶ ሙሉ ለሙሉ ወደ ድርቆሹ ገባ፤ ፈረስ ላላቸው ሰዎች ድርቆሽ ሊሸጥ ቃል እየገባ ዓመቱን ከአጨዳ አጨዳ ይኖራል። እኔ ደግሞ ከጎኑ ሆኜ መስመር በመስመር እቀናለሁ። ማጨጃውን ሲነዳ ጀርባውን አያለሁ፤ ያ ወንበር የእኔ ነበር እላለሁ። ሲያመሰግነኝ ይብስብኛል።

በሦስተኛው ዓመት ጸደይ ሚስስ ዶሮቲ አረፉ። ልጃቸው ሊንዳ ታኮማ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። መሬቱን ለመጋዘን ሠሪዎች ሸጠች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሣሩ ወገብ ደርሶ ሳለ ብርቱካናማ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች መስኩ ውስጥ ተተከሉ። ዘሪሁን ደውሎ ቢጠይቃት ውሉ ላይ ስለ ቆመ ሣር የተጻፈ የለም አለችው።

ቱክዊላ ቤቴ ድረስ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሶፋው ላይ አልተቀመጠም። "ጋሽ አበራ፣ ካርል ሲያነቡ መሬቱ ከተሸጠ የሚል ነገር አልነበረም እንዴ? እኔ እዚህ ላይ አጣሁት።"

"ረስቼው ይሆናል" አልኩት።

"ኦኬ" አለና ወረቀቱን አጠፈ። "ሥራ ውለው ደክሞዎት ነበር እኮ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዴይ ኦፍዎን ጠብቄ ማስጻፍ ነበረብኝ።"

ከወጣ በኋላ ትርሲት አየችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችኝ ሴት ናትና መጠየቅ አላስፈለጋትም። ምሳ ሳታቀርብልኝ መኝታ ቤት ገባች። እኔም ሳልደሰት አልቀረሁም፣ ልደብቀው አልችልም፤ ችካሎቹን የሰማሁ ቀን መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሁለተኛው ስሜት፣ እፍረቱ፣ ግን የመጣው ልጁ ጥፋቴን ከእጄ ወስዶ የራሱ ሲያደርገው ነው። ጫማዬን አጠለቅሁና ደረጃው ላይ ደረስኩበት። ታኮማ እንሂድ አልኩት።

ሊንዳ ከነሥራ ልብሷ የቤቷን በር ከፈተች። ደክሟታል፤ ቶሎ እንድንጨርስ ትፈልጋለች። ቆሜ ተናገርኩ። "ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትሽና እሱ እንደ ቀድሞው ይሁን ብለው ተስማምተዋል፣ ቆሜ ሰምቻለሁ። በቀድሞው ውል የቆመ ሣር የአጫጁ ነው። ያቺን መስመር ያስቀረኋት እኔ ነኝ።"

"ረስተህ?" አለችኝ።

"አይደለም። ቀንቼበት ነው።"

ዘሪሁን ወደ እኔ አልዞረም። ሊንዳ መሬቱን የምታስረክበው በሚመጣው ወር መጀመሪያ እንደሆነ ነገረችን። እስከዚያ ሰባት ቀን አለ፤ ጨርሳችሁ ውጡ አለች። ድርሻዬን አልፈልግም ብላ በሩን ዘጋች።

አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ መቻል አቃተኝና የሚለኝ ነገር እንዳለ ጠየቅኩት።

"አለኝ" አለ። "ተናድጃለሁ፣ ጋሽ አበራ። በጣም ተናድጃለሁ። እስከ ረቡዕ ድረስ ባያናግሩኝ ደስ ይለኛል። ከረቡዕ ጀምሮ ፀሐይ ነው ብሏል ሬዲዮው። ሶ፣ ረቡዕ ሥራ አለ።"

እሁድ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። ረቡዕ ጠዋት መስኩ ስደርስ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። ማጨጃውን ዘይት ቀባብቶ፣ ቢላዎቹን ስሎ አዘጋጅቶታል። ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ፣ ትርሲትን ጠየቀኝ፣ ከዚያ በእጁ ወደ ወንበሩ አመለከተኝ፤ ዛሬ እርስዎ ይውጡ፣ እኔ እገለባብጣለሁ አለ። ፊቱን ፈለግኩት። ቂም የሚባል ነገር አጣሁበት። ለይምሰል ቢሆን አውቀው ነበር፤ አልነበረም። እኔ መስኩን ካጣሁ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሆዴ ማውጣት ያቃተኝን ነገር እሱ በሦስት ቀን ጨርሶት መጥቷል። ወንበሩ ላይ ወጣሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ በዚህም ቀናሁበት።